ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም

ለጎልማሳ ተማሪዎች በራዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ይህን ንግግር በራዲዮ የሰማችሁት ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ በጽሑፍ ቀርቦላችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። ያልገባችሁ ቃል ቢኖር መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የተማርኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ነው። መካኒክ አይደለሁም። ታዲያ አስተማሪ ስለ መኪና ዝገት ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ደግ ነው። መልሱን በአጎቴ ታሪክ ልጀምር።

የአጎቴ መኪና

አጎቴ አሮጌ መኪና ነበረችው። ከጎባ ተነሥቶ፣ የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ፣ እስከ ዶሎ መና ድረስ ሰውና ዕቃ ያመላልስባት ነበር። ቤተሰቡን በሙሉ የምታበላው እሷ ነበረች። እኔም ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛልኝ በእሷ ገንዘብ ነው።

አጎቴ መኪናውን ይወዳታል። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ቀለም ይገዛል። ያጥባታል፤ ነገር ግን በደንብ ሳትደርቅ፣ ዝገቱም ሳይፋቅ ይቀባታል። ከሥሯም ጥቁር ቀለም ይለቀልቃታል። መስከረም 1 ቀን ስትታይ አዲስ ትመስላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቃታል። አጎቴም ደረቱን ይነፋል።

አንድ ቀን ጠዋት ረዳቱ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ በኋላ ጎማ በኩል የፍሬን ቧንቧው ላይ እርጥበት አያለሁ። ዘይት ይመስላል።»

አጎቴም፣ «አሁን በቅርቡ የቀባሁት አይደለም እንዴ? ቀለም ይሆናል። ይልቅ ዕቃውን ጫን!» አለው። ጉዞው ቀጠለ።

ሲመለሱ ከሳነቴ ወደ ጎባ ቁልቁል ይወርዱ ጀመር። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። አጎቴ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። የድሮ መኪና ስለ ነበረች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ቦታ ከተበሳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

አጎቴ ማርሹን ቀነሰ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው በኩል አዞረ። መኪናዋ የመንገዱን ዳር አፈር ገጭታ ቆመች። ፈጣሪ ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ግን ክንዳቸው ተሰበረ።

በኋላ መካኒኩ ቧንቧውን ፈትቶ አሳየው። ከላይ ጥቁር ቀለም ነው። ከቀለሙ ሥር ግን ብረቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። የተበሳውም ቧንቧውን ከሻንሲው ጋር በሚያስረው ማቀፊያ ሥር ነው። እዚያ ጭቃ ተጠቅጥቆ ብዙ ጊዜ ኖሯል።

ረዳቱ ያየውን አጎቴ ለምን አላየም? ቀለሙን ስላመነ ነው። ውድ አንባቢዎች፣ የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ብቻውን አይዝግም። ብረት እንዲዝግ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። አንደኛው ውሃ ወይም እርጥበት ነው። ሁለተኛው በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የሚባል ጋዝ ነው። ብረት፣ ውሃና ኦክሲጅን ሲገናኙ ቡናማ ቀይ የሆነ ፍርፋሪ ይፈጠራል። ዝገት የምንለው ይህንን ነው። ሦስተኛ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። እሱም ጨው ነው።

እኔ ይህንን ለተማሪዎቼ የማሳየው በምስማር ነው። እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት። አራት ብልቃጥና አራት አዲስ ምስማር አምጡ።

1ኛ. በመጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ ምስማሩን በደረቁ አስቀምጡና ክዳኑን ግጥም አድርጉ።

2ኛ. በሁለተኛው ውስጥ ፈልቶ የበረደ ውሃ እስከ አፉ ሙሉበት። ከላይ የምግብ ዘይት አፍስሱበት። ውሃው ሲፈላ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል። ዘይቱ ደግሞ አዲስ አየር ቶሎ እንዳይገባ ይከለክላል።

3ኛ. በሦስተኛው ውስጥ እስከ ግማሽ ድረስ ተራ ውሃ አድርጉ።

4ኛ. በአራተኛው ውስጥ እንዲሁ ውሃ አድርጉና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት።

ከሳምንት በኋላ ተመልከቱ። በደረቁ ያለው ምስማር ንጹሕ ነው። ከዘይት በታች ያለውም እምብዛም አልዛገም። በተራ ውሃ ያለው ዝጓል። በጨው ውሃ ያለውም ዝጓል፤ ብዙውን ጊዜ ይብሳል። እንግዲህ ውሃውን ወይም አየሩን ከብረቱ ካራቅን፣ ዝገቱን እናዘገየዋለን ማለት ነው። መኪናን ከዝገት የመጠበቅ ጥበብ በሙሉ የሚመነጨው ከእነዚህ አራት ብልቃጦች ነው።

ዝገት አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አልሙኒየም አየር ሲያገኘው በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። ልል ነው፣ ይፈረፈራል፣ እርጥበትም ይይዛል። ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ብረት መብላቱን ይቀጥላል። ደግሞም ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጣል፤ ቀለሙን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀለም ላይ እንደ ብጉር ያበጠ ነገር ስታዩ፣ ከሥሩ ዝገት እየሠራ መሆኑን እወቁ።

የቤታችንን ቆርቆሮ እናስብ። ቆርቆሮም ብረት ነው። ለምን ቶሎ አይዝግም? ዚንክ በሚባል ማዕድን ስለ ተለበጠ ነው። ዚንኩ ጥቂት ቢጫር እንኳ፣ ከብረቱ በፊት የሚበላው እሱ ነው። ለብረቱ ይሞትለታል ማለት ይቻላል። ዚንኩ ሲያልቅ ግን ቆርቆሮውም መዛግ ይጀምራል።

የእኛ አገር ለዝገት ይመቻል

የሮቤና የጎባ ደጋ ለእህል የተባረከ ነው። ለመኪና ብረት ግን ፈተና አለበት። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ ዝናባችን ሁለት ጊዜ ነው። በልግም መኸርም እንዘራለን። ሁለት ጊዜ እንዘራለን፣ ሁለት ጊዜ እናጭዳለን። መኪናውም ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሜዳችን መረሬ አፈር ውሃ ይዞ አይለቅም። ከመኪና ሥር የተጣበቀ መረሬ ጭቃ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በብረት ላይ የታሰረ እርጥብ ጨርቅ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጎባ ከዚያ ትበልጣለች። የሳነቴ መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። ብረት ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት ያልበዋል። ዝናብ ሳይዘንብ እንኳ በጤዛ ይርሳል። «በጋ ነው፣ ምን ይዝጋል?» አትበሉ።

አራተኛ፣ የምንጭነው ነገር አለ። አንዳንዱ የአፈር ማዳበሪያ የጨው ዓይነት ነው። ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ይቀልጣል፤ በላሜራው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የከብት ጨው የሚጭን መኪናም እንዲሁ ነው። ከብት የሚጭን ደግሞ ሽንት አለበት። በሽንትም ውስጥ ጨው አለ። አራተኛውን ብልቃጥ አስታውሱ።

አምስተኛ፣ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር አለ። አጨዳው ካለቀ በኋላ ወራት ይቆማል። በውስጡ የቀረው ገለባና እብቅ እርጥበት ይይዛል። ቆሞ የሚዝግ ብረት ሲሠራ ከሚያልቀው ይብሳል።

በሌላም አገር ችግሩ አለ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቦታ፣ በብርድ ወራት መንገድ ላይ በረዶ እንዳይጋገር ጨው ይበተናል። ጨዉ የመኪናዎችን ሥር ይበላል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ያገለገለ መኪና ከላይ ሲያብረቀርቅ አይታችሁ አትቸኩሉ። ከሥሩ ግቡና እዩ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ቢሆን አካሉ በአብዛኛው ብረት ነው። ዝገት ነዳጅ አይመርጥም።

የት እንፈልገው?

ዝገት ሌባ ነው። በአደባባይ አይገባም። ጭቃ የሚከማችበትን፣ ውሃ የሚያቁርበትን፣ ዓይን የማይደርስበትን ይመርጣል። እነዚህን ቦታዎች ተመልከቱ።

ከፓራፋንጎ ውስጥ፣ ከጎማው በላይ። ጎማው ጭቃ የሚወረውረው እዚያ ነው።

ከበር በታች። በበሩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ጭቃ ከደፈናቸው በሩ እንደ እንስራ ውሃ ይይዛል።

ከጋቢናው ምንጣፍ ሥር። ምንጣፉን ግለጡት። እርጥብ ከሆነ ወለሉ እየዛገ ነው።

ከባትሪው ሥር። የባትሪ አሲድ ከፈሰሰ ብረቱን ይበላል።

ሻንሲው፣ በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ። የመኪናውን ጭነት የሚሸከመው እዚያ ነው።

የፍሬን ቧንቧዎቹ፣ በተለይ በየማቀፊያው ሥር። የአጎቴን መኪና አትርሱ።

ላንድሮቨር ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው ላንድሮቨር ቦዲው በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ ላዩ ደህና ሆኖ፣ የሚሸከመው አጥንት ከሥር ሊበላ ይችላል።

ስትፈትሹ በዓይን ብቻ አትመኑ። በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ደህና ብረት ይጮኻል። የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። በካቻቢቴ ጫፍም ጫን አድርጉት። ከገባ ብረቱ አልቋል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ማግኔት ያዙ። ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ከተቀባ ማግኔቱ አይጣበቅም። አልሙኒየም ላይም እንደማይጣበቅ ግን አስታውሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል። ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። ለጎማዎቹም ታኮ አስገቡ። ብቻችሁንም አትሥሩ።

ምን እናድርግ?

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ፊደልን ከ«ሀ» እንደምንጀምር ሁሉ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው እንጀምር።

1. ማጠብ። ላዩን ብቻ ሳይሆን ሥሩን እጠቡ። በዝናብ ወራት ጭቃው ሳይደርቅ ቶሎ ቶሎ እጠቡት። ማዳበሪያ ወይም ጨው ከጫናችሁ፣ መጀመሪያ በደረቁ ጥረጉ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡ። መኪናውን ግን ወደ ሻያ ወይም ወደ ቶጎና ወንዝ አታስገቡ። ከመኪና የሚወርደው ዘይት ከታች ሰውና ከብት የሚጠጣውን ውሃ ያበላሻል። ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ከወንዙ ርቃችሁ እጠቡ።

2. ማድረቅ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በሮቹን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አቁሙ። ምንጣፉን አውጡ። የበሩን ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ክፈቱ። መኪናውን ትንሽ ዘንበል ባለ ቦታ ብታቆሙት ያቆረው ውሃ ይወርዳል። ጎማውን በታኮ መያዝ ግን አይረሳ።

3. መፋቅ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ ወረቀት ፋቁ። የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ አትተዉ። አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ የአሮጌ ቀለም ብናኝ ለጤና መጥፎ ነው። ልጆችን አርቁ።

4. መጥረግ። አቧራውንና ቅባቱን ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ቲነር በቶሎ እሳት ይይዛል። ሲጋራም ምድጃም አጠገቡ አይኑር።

5. አንቲረስት መቀባት። የተፋቀውን ብረት በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት። ለምን በዚያው ቀን? በእኛ አገር ሌሊት ጤዛ አለ። የተገለጠ ብረት ሲያድር ጠዋት ቀላ ብሎ ታገኙታላችሁ። ብረት ራቁቱን አይደር!

6. ቀለም መቀባት። አንቲረስቱ ሲደርቅ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀቡ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሩ። በቀለሙ ቆርቆሮ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ቢሆን እንኳ ቁጥሩን ታነባላችሁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሻጩን ጠይቁ።

7. መቀባባት። ቀለም የማይደርስበት ቦታ አለ። በበር ውስጥ፣ በማጠፊያ፣ በብሎን ላይ ስስ ግራሶ ወይም ዘይት አድርጉ። በሁለተኛው ብልቃጥ ዘይቱ የሠራውን ሥራ ይሠራላችኋል። ግራሶው ግን አቧራ ስለሚይዝ በየጊዜው ተጠርጎ ይታደስ።

ቀለም የመጣው ስድስተኛ መሆኑን አያችሁ? አጎቴ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከስድስተኛው ነበር።

ትልልቅ አገሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ የኤፍል ግንብ የሚባል ረጅም የብረት ግንብ አለ። የተሠራው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ ዛሬ ቆሟል። እንዴት? በየ7 ዓመቱ ገደማ እንደገና ቀለም ይቀባል። ከመቀባቱ በፊት ግን ብረቱ ይፈተሻል፤ የዛገውም ይጸዳል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው በቀለም ብቻ ሳይሆን በክትትል ነው።

ኮምባይነርና ተሳቢ ያላችሁም ይህንኑ አድርጉ። አጨዳ ሲያልቅ ገለባውን አራግፋችሁ አውጡ። የተላጠውን ቀቡ። ሰንሰለቱንና ማጭዱን ዘይት አስነኩ። ከዚያ ከጣሪያ በታች አቁሙ። በሸራ ብቻ የምትሸፍኑ ከሆነ ከሥር አየር ይግባበት። እርጥብ ብረት በሸራ ማፈን ዝገቱን መቀለብ ነው።

ምን አናድርግ?

በዝገት ላይ ቀለም አትቀቡ። ይህን ደግመን ደጋግመን እንላለን።

የፍሬን ሸራና የፍሬን ታምቡር ግራሶም ዘይትም አይንካው። ፍሬኑ ይከዳችኋል። ጎማና የጎማ ቱቦም በዘይት ይበላሻል። ማርሚታው ላይም ዘይት አትቀቡ፤ ሲግል እሳት ያስነሣል።

ብዙ ሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመኪና ሥር ይረጫል። ርካሽ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ቆዳን ይጎዳል፤ ዝናብ አጥቦት መሬትና ውሃ ያበላሻል። ጥቂት ንጹሕ ግራሶ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ብየዳ ካስፈለገ ወደ ሠለጠነ በያጅ ሂዱ። የባትሪው ገመድ ይፈታ። ከነዳጅ ጋኑ አጠገብ በፍጹም አይበየድ።

ከቀለም በላይ የሆነ ዝገት

ዝገት ሦስት ደረጃ አለው ብላችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው ላዩን ብቻ ቀላ ያለው ነው። ይህን ራሳችሁ ፍቃችሁ ትቀቡታላችሁ። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራው ነው። ብረቱ ሳስቷል። ባትላሜራ ያሳዩት። መፋቅ ይበቃው እንደሆነ፣ ወይም ላሜራው ይለወጥ እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው የተበሳው ወይም የተሰነጠቀው ነው። በር ላይ ከሆነ ኪስ ይጎዳል። ሻንሲ ላይ፣ ባሌስትራ መያዣ ላይ ወይም ፍሬን ቧንቧ ላይ ከሆነ ግን ነፍስ ይጎዳል። እንዲህ ያለ መኪና ይቁም። ሰውም ዕቃም አይጫንበት። የዛገ የፍሬን ቧንቧ አይጠገንም፣ በላስቲክ አይታሰርም፣ በአዲስ ይለወጣል። ከተለወጠ በኋላም ከፍሬኑ ውስጥ አየሩ መውጣት አለበት። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

«የዛሬን ብቻ ልሥራና ነገ አሠራዋለሁ» የሚል ባለ መኪና አለ። ቤተሰቡ ከእጁ አፍ ነው የሚጠብቀው፤ አውቃለሁ። እኔም በመኪና ገንዘብ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን አንድ ቀን መቆም የአንድ ቀን ገቢ ያሳጣል። አለመቆም መኪናውንም፣ ተሳፋሪውንም፣ ሾፌሩንም ሊያሳጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ለረዳቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከመኪና ሥር የምትገቡት እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን ተናገሩ። «ዝም በል» ብትባሉም ድገሙት። ባለ መኪኖችም ስሟቸው። ተሳፋሪዎችም ብትሆኑ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደብተሩ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ይህ ነገር አስተማሪን ምን አገባው?

ዝገት ቀስ ብሎ ስለሚሠራ የሰው ልብ ይረሳዋል። «መቼ ነበር ያየሁት? የትኛው ጎማ በኩል ነበር?» ትላላችሁ፤ አታስታውሱም። ደብተር ግን አይረሳም። እናንተ ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። እናቴም ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። በመጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን ስም ነው፤ ቀጥሎ የጻፉት ለጎረቤት ያበደሩትን እህል ነው። ጽሕፈት የሚጠቅመው እንዲህ ለኑሮ ሲውል ነው።

ስለዚህ ለመኪናችሁ አንድ ደብተር ግዙ። በየወሩ አንድ ቀን ቁረጡ። አራት ነገር ጻፉ። ቀኑን፣ የታየውን ቦታ፣ የተገኘውን ነገር፣ የተሠራውን ሥራ። ሌላ አያስፈልግም።

አጎቴ ከዚያ አደጋ በኋላ ክንዳቸው የተሰበረውን እናት ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ማሳከሚያቸውንም ከፈለ። ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል። መኪናዋን ልጁ ይዟታል። እሱ ግን ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ይማራል። ከፊደል ጋር ይታገላል፤ «ጸ»ንና «ፀ»ን ያምታታል። ባለፈው ቤቱ ስሄድ ደብተሩን አሳየኝ። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ሰኔ 5። የኋላ ግራ ጎማ። የፍሬን ቧንቧ። ማቀፊያው ተፈታ፣ ጭቃው ወጣ። ትንሽ ቀይ አለ። ልጄ መካኒክ ጋ ይውሰዳት። እስከዚያ አትነዳ።»

አነበብኩለት። «ስሕተት አለው?» አለኝ። «ምንም ስሕተት የለውም ጋሼ» አልኩት።

ዋና ዋና ነጥቦች

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኝ ነው። ጨውና ማዳበሪያ ያፈጥኑታል።

መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ አድርቁ፣ ፋቁ፣ ጥረጉ፣ አንቲረስት ቀቡ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሻንሲና የፍሬን ቧንቧ ከተበላ መኪናው ይቁም።

በየወሩ እዩ፤ ያያችሁትን ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ረዳቱ ያየውን አጎትየው ያላየው ለምንድን ነው?

2. በአራተኛው ብልቃጥ ውስጥ የተጨመረው ምንድን ነው? በእኛ አካባቢ መኪና ይህን ነገር ከየት ያገኘዋል?

3. የተፋቀ ብረት አንቲረስት ሳይቀባ ማደር የሌለበት ለምንድን ነው?

4. በቤታችሁ የዛገ የብረት ዕቃ አለ? ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቆርቆሮ ወይም በር ሊሆን ይችላል። ውሃው ከየት እንደሚያገኘው ፈልጉ። ያገኛችሁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

የቃላት መፍቻ

ሻንሲ — የመኪናን አካልና ጭነት የሚሸከም የብረት አጥንት

ፓራፋንጎ — ከጎማ በላይ ያለ የጭቃ መከላከያ

ባሌስትራ — ጎማው ሲነጥር ጭነቱን የሚያለዝብ ተደራራቢ ብረት

ማርሚታ — የሞተር ጭስ የሚወጣበትና ድምፅ የሚቀንስ ዕቃ

አንቲረስት — ዝገትን የሚከላከል፣ ከቀለም በፊት የሚቀባ

ስቱኮ — የጎደጎደ ቦታ መሙያ

ታኮ — ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረግ ማገጃ

ውድ አንባቢዎች፣ በርቱ። መልካም ንባብ፣ ደህና መንገድ ይሁንላችሁ።